በጨለማ የተፈተነው ዕቃ

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኦዳ ሞቱማ፣

ሰላምታዬ ያለህበት ኦስትሪያ፣ ግራትስ ድረስ ይድረስህ። አካም ጅርታ? እንዴት ነህ? እኔ አዳዳህ ከቁርጭምጭሚቴ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አባትህም ደህና ነው። ባለፈው እሑድ ቡራዩ ልጠይቀው ሄጄ «ኦዳ ደወለልሽ?» ቢለኝ «ለአንተስ?» አልኩት።

በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም የምልክልህ ድምፅ መላክ አቅቶኝ እንዳይመስልህ። ስናገር ነገር እበትናለሁ፤ ስጽፍ ግን አስባለሁ። አንተም በእጅህ ጻፍልኝ፣ አማርኛው እንዳይጠፋብህ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእንስሳት ክትባት መጋዘናችን አዲስ ዕቃ መጣለት። የክብሪት ሳጥን የምታክል፣ ክዳኗ ውስጧን የሚያሳይ፣ ፊቷ ላይ ቁጥር የምትጽፍ ነገር ናት። ማኅበራችን በሱሉልታ፣ በቡራዩና በሰበታ መጋዘን አለው አይደል፣ ለሦስታችንም አንዳንድ ደረሰን። ኃላፊያችን አቶ ተድላ ሰብስበው «ከክትባቱ ጋር ይቀመጣል፣ በየአምስት ደቂቃው ሙቀቱን ይመዘግባል፣ ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ቀይ ያበራል፣ ቀይ ካበራ ክትባቱ ይጣላል» አሉን። «ታዲያ ሰላይ ነው በሉና!» ብዬ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሰላይ ሆኖ ቀረ። ቀጥለው «ውስጡ ያለውን ቺፕ የሠራው የወይዘሮ ወርቅቱ የወንድም ልጅ ነው» ሲሉ ክው አልኩ። አንተ ልጅ! ይኼን ከአቶ ተድላ አፍ ልስማው?

አሁን የምጠይቅህን በደንብ መልስልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ክትባት ስጠብቅ የማምነው አንድ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ነው። ቀዩ ፈሳሽ ሲሞቅ ይወጣል፣ ሲበርድ ይወርዳል፣ በዓይኔ አየዋለሁ። የአንተ ሰላይ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ታዲያ ብርዱን በምን ያውቃል? ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት እንዲገባት አድርገህ ጻፍ። «ውስብስብ ነው» ብለህ ብታልፈኝ እቀየምሃለሁ።

አዳዳህ ወርቅቱ ቡልቻ


ግራትስ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ ለወይዘሮ ወርቅቱ፣

አካም ጅርቱ? ቁርጭምጭሚትዎን ይማርልን። እኔ ደህና ነኝ፤ ለአባባ ደውያለሁ፣ ተቆጥቶ ሲያበቃ ሳቀ።

ሳልነግርዎ በመቅረቴ አጥፍቻለሁ። የዕቃው ሙከራ የት ይደረግ ሲባል ሱሉልታን የጠቆምኩት እኔ ነኝ። ጠዋት አመዳይ የሚጥልበት፣ ቀትር ላይ ደግሞ አናት የሚበሳ ፀሐይ ያለበት አገር አውቃለሁ፣ አክስቴም እዚያ ይሠራሉ ብዬ ነበር። ወሬው አቶ ተድላ ዘንድ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።

ጥያቄዎ በጣም ደስ አለኝ፤ እዚህ ማንም እንዲህ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሥጋ ሲመዘን ያስቡት። በአንዱ በኩል ሥጋው፣ በሌላው በኩል የኪሎው ብረት። ሥጋው ሊበዛም ሊያንስም ይችላል፣ ብረቱ ግን ያው ነው። ቺፑ ውስጥም ሁለት የኤሌክትሪክ ፍሰቶች አሉ። አንዱ ሙቀት ሲጨምር ይጨምራል። ሌላው በብርድም በሙቀትም ባለበት መቆየት አለበት። ቺፑ የመጀመሪያውን በሁለተኛው መዝኖ ዲግሪውን ያወጣል። የእኔ ሥራ ሁለተኛው ነው፣ የኪሎው ብረት። ስድስት ዓመቴን የበላው እሱ ነው።

ለምን በላው ቢሉ፣ ቺፕ ውስጥ ሙቀት የማይለውጠው ነገር የለም። ስለዚህ ትንሽ ተንኮል እንሠራለን። ሲሞቅ የሚጨምር አንድ ፍሰት እንወስዳለን፣ ሲሞቅ የሚቀንስ ሌላ ፍሰት እንወስዳለን፣ መጠናቸውን አስተካክለን እንደምራቸዋለን። አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይሞላና ድምሩ ሳይነቃነቅ ይቆማል። በወሬ ደረጃ ቀላል ነው።

ከዚህ ሌላ ፍሰቱ በጣም ትንሽ መሆን አለበት፣ አለዚያ የሰዓት ባትሪዋ ሁለት ዓመት አትቆይም። ምን ያህል ትንሽ? ቤትዎ ያለው አምፖል የሚወስደውን ለአሥር ሚሊዮን ያካፍሉት፣ የእኔ ድርሻ ከዚያ አንዷ ናት። እንዲህ ሲያንስ፣ ሌላ ቦታ ማንም ልብ የማይለው ጥቃቅን ፍሳሽ ሁሉ ይረብሸዋል።

ግን ተሳካ! የሙቀት ሳጥን ውስጥ ከትተን፣ በሩን ዘግተን፣ ከዜሮ በታች ሃያ እስከ ከዜሮ በላይ ስድሳ ዲግሪ አሥራ አንድ ቀን አመላለስነው። ስህተቱ ግማሽ ዲግሪ አይሞላም።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የብርጭቆ ቴርሞሜትርዎን ከሰላዩ አጠገብ አድርገው የሁለቱንም ቁጥር ጠዋት ጠዋት ይጻፉልኝ። የሳጥን ሳይሆን እውነተኛ ጠዋት ማየት አምሮኛል።

ልጅዎ ኦዳ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦዳ፣

ቤትህ ሰላም ይግባበት። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ገባኝ። የኪሎው ብረት ነገር ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅኩ። ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ብረቱ ራሱ ቢሳሳት ማን ያውቃል? ሻጩም ገዢውም የሚያምኑት እሱኑ ነው።

ያልከኝን አድርጌያለሁ፣ ደብተር ገዝቼ በየቀኑ እጽፋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው። ብርጭቆው አራት ሲል ሰላዩ አራት፣ ብርጭቆው አምስት ሲል ሰላዩ አምስት። እሰይ ልጄ አልኩ።

ኅዳር 2 ግን ጉድ መጣ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለዘመቻው የሚወጣውን የበግና የፍየል ፈንጣጣ ክትባት ወደ በረዶ ሳጥን አዛወርኩ፣ ሰላዩንም ብርጭቆውንም ከላዩ አስቀመጥኩ፣ እንደ ልማዴ ብልቃጦቹን ቆጥሬ ለአንድ ሺህ ስምንት መቶ እንስሳ የሚበቃ አስረከብኩ። ከሰዓት አቶ ተድላ ሰላዩን ሲያዩት ቀይ። መዝገቡ ሃያ ሰባት ዲግሪ ይላል! ደብተሬን አሳየኋቸው፣ በዚያው ሰዓት ብርጭቆው አምስት ነው። «የድሮ ዕቃ ነው» ብለው አልሰሙኝም። ክትባቱን አስቀበሩት፣ ለእኔ ማስጠንቀቂያ ጻፉልኝ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

አፌን ሞልቼ ልጠይቅህ። ሰላዩ ሊሳሳት ይችላል?

አዳዳህ ወርቅቱ


ግራትስ፣ ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የደረሰብዎትን ሳነብ በጣም አዘንኩ። ቶሎ የጻፍኩት እንዳይጨነቁ ብዬ ነው።

ቺፑ በሃያ ዲግሪ ሊሳሳት አይችልም። ግማሽ ዲግሪ ቢሉኝ እከራከር ነበር፣ ሃያ ግን አይሆንም። ምናልባት የሳጥኑ ክዳን ተከፍቶ ትንሽ ቆይቶ ይሆን? ወይም የበረዶ ላስቲኮቹ በደንብ ሳይረጉ ገብተው? ሰው ሥራ ሲበዛበት እንዲህ ያጋጥማል፣ ማንም አይፈርድብዎትም። ደብተርዎን ግን አያቋርጡ፣ በጣም እየጠቀመኝ ነው።

ልጅዎ ኦዳ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦዳ ሞቱማ፣

ጤና ይስጥልኝ። «ማንም አይፈርድብዎትም» ብለህ ፈረድክብኝ። ሆድ ባሰኝ፣ አልደብቅህም። በረዶው ሳይረጋ አስገብቼ የማውቀው መቼ ነው? አንተ ልጅ ሆነህ ከዚያ ፍሪጅ በረዶ ሰርቀህ ስትበላ በጥፊ ያልኩህን ረሳኸው?

ኅዳር 9 እንደገና ቀይ አበራ። አሁን ከሥራ ታግጃለሁ፣ ታኅሣሥ 15 ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። አቶ ተድላ የሚሉት አጭር ነው፦ ሰበታም ቡራዩም ያው ዕቃ አለ፣ እዚያ ቀይ አላበራም፣ ስለዚህ ጥፋቱ የወርቅቱ ነው። እኔም አሰብኩት። ሰበታ ከእኛ ይሞቃል። ሙቀት ቢሆን ነገሩ ቀድሞ ቀይ የሚያበራው የሰበታው ነበር፣ አይደለም? ሥራ ፈት ሆኛለሁና ታክሲ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ቡራዩ የመጋዘኑን መስኮት በካርቶን ዘግተውታል። ሰበታ ደግሞ መጋዘን ጠባቂዋ ራቢአ፣ ወርቅ የሆነች ልጅ፣ መስኮት በሌለው ክፍል በደብዛዛ አምፖል ነው የምትቆጥረው። እንዴት እንደምትሠራ ቁጭ ብዬ ስመለከት ከእኔ የሚለያት አንድ ነገር ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የእኔ መጋዘን ጨለማ ነው፣ ዓይኔም ደክሟል፣ ብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ጥቃቅን ነው። ስለዚህ ሳጥኑን ደጃፍ አውጥቼ፣ ክዳኑን ከፍቼ በጠዋት ፀሐይ ነው የምቆጥረው። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የሠራሁት።

«ራቢአ፣ እስቲ ያንቺን ሰላይ ከነሳጥኑ ደጅ እናውጣው» አልኳት፣ ይዤው የሄድኩትን ብርጭቆም አብሬ ከተትኩ። አወጣነው። አሁን መዝግብ የምትለው ቁልፍ አለች አይደል፣ እሷን ስጫን አምስት የነበረው ሃያ አምስት አለ! ብርጭቆው ያው አምስት። ራቢአ «ፀሐዩ አሞቀው» አለችኝ። እኔ ግን ልብ በል፣ እጄን እላዩ ላይ አሳርፌ እንደገና ተጫንኩት። ስድስት አለ። እጄ ሞቃት ነው ኦዳ! ሞቃት እጅ የሸፈነው ዕቃ እንዴት ይቀዘቅዛል? ያውም በዚያው ቅጽበት?

በዚህ አላበቃንም። ፍሪጁ ውስጥ መልሰን የስልኬን መብራት አበራንበት። ከአራት ወደ አሥራ አንድ ዘለለ። መብራቱን አጠፋን፣ አራት። ራቢአ «አንቺ ሴት፣ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነበረብሽ» ብላ ሳቀች፣ እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ዕቃህ ብርሃን ያያል እንዴ? ለምን? ከታኅሣሥ 15 በፊት አስረዳኝ፣ እንጀራዬ ነው።

አዳዳህ


ሱሉልታ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኦዳ፣

ደህና ነህ ወይ? ማየትህን ቴሌግራሙ ነግሮኛል፣ ሁለቱ ምልክት ወጥቷል። ታመህ እንደሆነ ንገረኝ። ሥራ በዝቶብህ እንደሆነም ንገረኝ።

ዘመቻው ከተቋረጠ ወዲህ የጎረቤቴ የኦቦ ሊቤ አራት በጎች ፈንጣጣ ወጣባቸው። ገበያ ላይ አግኝቶኝ ሰላም ብቻ ብሎኝ አለፈ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የተቀበረው ክትባት ደህና እንደነበረ እኔ አውቃለሁ፣ እሱ ግን በምን ይወቅ?

መልስህን እጠብቃለሁ።

ወርቅቱ


ግራትስ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎ አዳዳዬ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ይህን ወረቀት አራት ጊዜ ቀድጃለሁ። አልታመምኩም። ሥራም አልበዛብኝም።

ትክክል ነዎት። ደብዳቤዎ በደረሰኝ በሁለተኛው ቀን፣ ኅዳር 16፣ ላቦራቶሪ ገብቼ የስልኬን መብራት አበራሁበት። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ዘለለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሃያ ሰዎች ስድስት ዓመት ሙሉ ያላየነውን አንቱ በሰበታ ታክሲ ሄደው አገኙት።

«ለምን?» ላሉኝ መልሱ ይኸው። ጣራችሁ ላይ ፍሪጁን የሚያሠራው ሶላር አለ አይደል? እሱ የተሠራበትና ቺፑ የተሠራበት ነገር አንድ ነው፣ ሲሊከን ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ትልቅ ፍሰት በሚጠቀም ቺፕ ላይ ያ ጭማሪ አይታወቅም። በእኔ የአሥር ሚሊዮን አንዷ ላይ ሲጨመር ግን የኪሎው ብረት ተለወጠ ማለት ነው፣ ሚዛኑም ሳያፍር ይዋሻል። አብዛኛው ቺፕ ጥቁር ልባስ አለው። የእኛ ስስ እንዲሆን ተብሎ ራቁቱን ነው የተቀመጠው፣ ክዳኑም ብርሃን ያሳልፋል። ቢያንስ ከኤሌክትሪኩ መስመር በላይ ብርሃን የሚጋርድ ስስ ብረት በንድፉ ነበረ። ቦታ ለመቆጠብ ያንን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ቀን የፈተንነው በሩ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ፣ በጨለማ ነው። ስለ ሙቀት ብቻ እያሰብን ብርሃን የሚባል ነገር መኖሩን ረሳን።

ለአለቃዬ ነግሬያለሁ። ኩባንያው ጉዳዩን መርምሮ እስኪጨርስ ለውጭ ሰው አንዲት ቃል እንዳይወጣ አዝዟል፣ ፈርሜያለሁ። የመኖሪያ ፈቃዴም በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ አዳዳ፣ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ፣ ኮሚቴው ፊት ስለ ብርሃኑ አያንሡ፣ ስሜንም አይጥሩ። ከጥር በኋላ ኩባንያው ራሱ ይጽፍላችኋል። አንድ ወር ብቻ ይታገሡኝ።

ኦዳ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኦዳ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ግን ልንገርህ፣ የሶላሩን ነገር ሳነብ ንዴቴን ለአፍታ ረሳሁት። ደጅ ወጥቼ ያንን ጣራ አንጋጥጬ ሳይ ቆየሁ። ሶላሩ ከተተከለ ጀምሮ ሰባት ዓመት ከሥሩ ስገባ ስወጣ ለምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም። ያቺ ትንሽ ነገር የዚህ ትልቅ ነገር እህት ናት ማለት ነው? ወይ ጉድ! ከዚያ የደብዳቤህ መጨረሻ ትዝ አለኝና ተመልሼ ተናደድኩ።

አንድ ወር ታገሽኝ አልከኝ። ኮሚቴው ትናንት ነበር። ትናንት ዝም ብል ዛሬ የተባረርኩ ነኝ።

ዝም አላልኩም። ሰላዩንና የብርጭቆውን ቴርሞሜትር አንድ የበረዶ ሳጥን ውስጥ አድርጌ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ሰብሳቢው አቶ አጵሎስ «ምንድን ነው ወይዘሮ ወርቅቱ፣ ምሳ አመጡልን?» ብለው ቀለዱ። መጋረጃውን ከፈትኩና ቁልፉን ይጫኑ አልኳቸው። ሃያ አራት። ብርጭቆውን ያንብቡ አልኳቸው። አምስት። እጅዎን እላዩ ያሳርፉና ይጫኑ አልኳቸው። ስድስት። አቶ አጵሎስ መነጽራቸውን አወለቁ። እጃቸውን ሦስት ጊዜ አነሡ፣ ሦስት ጊዜ መለሱ፣ ከዚያ ሌሎቹም «እስቲ እኔም ልሞክር» እያሉ ተሰለፉ። አቶ ተድላ ብቻ አልሞከሩም።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ አቶ ተድላ። «ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያገኘሁት» አልኩ። ውሸት አይደለም። አንተ ስትነግረኝ እኔ ካወቅኩት ቆይቷል።

ይሁን እንጂ አቶ ተድላ ተነሥተው «ይኼ ጨዋታ ነው። ዕቃው ከውጭ ተፈትኖ የመጣ ነው። የሠራው ሰው በጽሑፍ ካላረጋገጠ አንቀበልም» አሉ። ኮሚቴው ተስማማ። እስከ ታኅሣሥ 22 ከዕቃው ሠሪ ወረቀት ካልመጣ እሰናበታለሁ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ሰላዩ ሥራ ላይ ይቆያል። ራቢአ ዛሬ ነገ መስኮት ይከፈትላታል፣ ያኔ ቀጣይዋ ተረኛ እሷ ናት።

ፈርሜያለሁ አልክ፣ ፈቃዴ አልክ። ቀላል ነው አልልህም፣ እዚያ ያለው ብርድ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ስምህን ግን እኔ አልጠራሁትም። አንተ ጥራው።

አዳዳህ ወርቅቱ


ግራትስ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማኅበሩ አጣሪ ኮሚቴ
ሱሉልታ

ጉዳዩ፦ የሙቀት መዝጋቢውን ስህተት ስለማሳወቅ

ስሜ ኦዳ ሞቱማ ቡልቻ ይባላል። በሦስቱ መጋዘኖቻችሁ የሚገኘው ሙቀት መዝጋቢ ውስጥ ያለውን የፍሰት ማጣቀሻ፣ ማለትም ሙቀቱ የሚመዘንበትን ቋሚ ፍሰት፣ የነደፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በኩባንያው ስም ሳይሆን በራሴ ስም ነው፤ ኩባንያው እንዳልጽፍ ከልክሎኛል።

መዝጋቢው ብርሃን ሲያርፍበት ከእውነተኛው በላይ ሙቀት ያሳያል። ጥፋቱ የንድፉ ነው፣ ንድፉም የእኔ ነው። ስለዚህ ኅዳር 2 እና ኅዳር 9 የታየው ቀይ መብራት ክትባቱ ለመበላሸቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በዚያው ሰዓት የብርጭቆው ቴርሞሜትር የመዘገበውን እንድትቀበሉ እጠይቃለሁ። ሦስቱንም መዝጋቢዎች ዛሬውኑ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑ፤ ያንን ካደረጋችሁ በትክክል ይሠራሉ።

ስህተቱን ያገኙት ወይዘሮ ወርቅቱ ቡልቻ ናቸው። ኅዳር 14 ቀን እንዴት እንዳገኙት ጭምር ጽፈው አሳውቀውኛል፣ እኔም በሁለተኛው ቀን እውነት መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ታግደው እያለ ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት፣ እሳቸውንም ዝም እንዲሉ የለመንኩት እኔ ነኝ።

ኦዳ ሞቱማ ቡልቻ

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ወርቅቱ ቡልቻ